ጠዋትን ለዓይንህ ስጠው

ልጄ፣ ዓይን ለማየት ብቻ የተሰጠን ይመስለናል። ሌላም ሥራ አለው፤ የሰውነታችንን ሰዓት የሚሞላው እሱ ነው። በሬቲና ውስጥ የብርሃኑን ልክ ለአንጎል የሚያሳውቁ ጥቂት ሴሎች አሉ። ሲነጋ እነሱ ይናገራሉ፣ አንጎልም እንቅልፍህን፣ ሙቀትህንና ሆርሞንህን በዚያ ልክ ያስኬዳል።

ዓይን ራሱም በዚህ ሰዓት ይመራል። በደብዛዛ ብርሃን የምናይባቸው ሴሎች ያረጀ ጫፋቸውን በየጠዋቱ ይጥላሉ፤ ከሥራቸው ያለው ስስ ሽፋን የተጣለውን ውጦ ይፈጨዋል። በ10 ቀን ገደማ ብርሃን የሚቀበለው ክፍላቸው ሙሉ በሙሉ ይተካል። የሚያጸዳው ሽፋን ግን እንደዚያ አይተካም፤ በልጅነትህ የነበረው ነው እስከ እርጅናህ የሚያገለግልህ። ዓመታት ሲያልፉ ሳይፈጭ የቀረ ትርፍራፊ ይጠራቀምበታል።

በእርጅና ደግሞ የዓይን ሌንስ ቢጫ እየሆነ ይሄዳል፣ ብሌኑም ይጠብባል። ሰዓቱን በደንብ የሚሞላው ሰማያዊው ብርሃን ስለሆነ፣ ያ ሲቀንስ ሰዓቱ ይደክማል። አያትህ ቀን ሲያንቀላፉ ውለው ሌሊት እንቅልፍ ቢያጡ፣ አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል። ጓዳ ውስጥ አታስቀምጣቸው፤ ጠዋት በረንዳ ላይ አውጣቸው። የዓይን ሞራ ካለባቸውም "የእርጅና ነገር ነው" ብለህ አትተወው፤ በቀዶ ሕክምና ይወጣል።

አንተም ከአሁኑ ጀምር። ጠዋት ወደ ደጅ ውጣ፤ ፀሐይዋን ግን በቀጥታ አትመልከት፣ የቀኑ ብርሃን ይበቃሃል። ሲመሽ መብራቱን ቀንስ፣ ስልክህን ከትራስህ አርቅ። የመኝታና የመነሻ ሰዓትህን አታፈራርቅ። የሌሊት ፈረቃ የምትሠራ ከሆነም ቀን የምትተኛበትን ክፍል በደንብ አጨልመው።

አንድ ነገር አደራ እልሃለሁ። የዓይን ግፊትም ቀንና ሌሊት ከፍ ዝቅ ይላል፤ በብዙ ሰው ላይ ሌሊት በጀርባው ሲተኛ ይጨምራል። ስለዚህ ቀን አንዴ ተለክቶ ደህና ነው መባሉ ሁልጊዜ አያስተማምንም። ከዚህ ግፊት ጋር የተያያዘው የዓይን ነርቭ በሽታ፣ ግላኮማ፣ ብዙውን ጊዜ ሳያም ነው የእይታህን ዳር ዳር የሚወስደው፤ የወሰደውንም አይመልስም። ሰዓት የሚሞሉትን ሴሎችም አብሮ ይጎዳል። በቤተሰብህ ውስጥ ግላኮማ ያለበት ካለ ዕድሜህን ሳትጠብቅ ተመርመር፤ ከሌለም 40 ሲሞላህ አትዘግይ። ጠብታ ከታዘዘልህ ደግሞ ዓይንህ ደህና ቢመስልህም በሰዓቱ አድርግ፤ ያለህን ብርሃን የሚያቆይልህ እሱ ነው።