መብራት ሲመጣ መጋዙን ያስነሣው ማን ነው?

መብራት ሄደ። መጋዙ እየተንቀራፈፈ ቆመ። ጣውላው መሃል ላይ ተሰንቅሮ ስለ ቀረ አናጺው ጎንበስ ብሎ ከጥርሱ ሊያላቅቀው ይታገላል፤ ማብሪያው ግን አልጠፋም። ጥቂት ቆይቶ የሰፈሩ ልጆች «መጣ!» ብለው ሲጮኹ፣ ያ የደስታ ጩኸት ለአናጺው ከቀኑ ሁሉ የከፋው ቅጽበት ነው። በ50 ኸርዝ የሚሠራ ባለ ሁለት ፖል ሞተር በደቂቃ 3,000 ዙር ገደማ ይሽከረከራል። እዚያ ለመድረስ ሲፈጥን እጅ መሰብሰቢያ ፋታ አይሰጥም።

ጉዳት ሲደርስ ጠያቂ የሚለው የታወቀ ነው፤ «ቀኑ ነው»፣ «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው»። የተጎዳን ሰው ለማጽናናት ሲነገር ደግ ቃል ነው። የወርክሾፑ ባለቤት መሸሸጊያ ሲያደርገው ግን ከባድ ጥያቄ ይነሣል፦ ማንም ሳይነካው የተነሣ ማሽን ላደረሰው ጉዳት ኃጢአቱ የማን ነው?

ኦሪት ስለዚህ ነገር ዝም አላለችም። ዘዳግም 22፥8 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በሰገነቱ ዙሪያ መከታ እንዲያበጅ ያዝዛል፤ ሰው ቢወድቅ ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን። ባለቤቱ ማንንም አልገፋም፤ የወደቀው ራሱ አዳልጦት ነው። ሕጉ ግን «አልገፋሁም» በማለቱ አያሰናብተውም። ዘጸአት 21 ላይ ያለው የተዋጊ በሬ ፍርድ ደግሞ የበለጠ ይጠልቃል። በሬው ከዚያ በፊት ተዋጊ ካልነበረ በሬው ይወገራል፣ ባለቤቱ ግን ነጻ ነው። ተዋጊነቱ ተነግሮት ሳይጠብቀው ቀርቶ ሰው ከገደለ ግን ባለቤቱም ሞት ይፈረድበታል። በሬው ያው በሬ ነው፤ ፍርዱን የለወጠው የባለቤቱ ማወቅ ነው። መብራት እንደሚሄድና እንደሚመጣ የማያውቅ የወርክሾፕ ባለቤት ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ ከየት ይገኛል? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ማሽን ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱን ኃላፊ ያደርጋል።

መከታው ሩቅ አይደለም። አንድ ኮንታክተር፣ አንድ አረንጓዴ ቁልፍ፣ አንድ ቀይ ቁልፍ። አረንጓዴው ካልተጫኑት ክፍት ነው፤ ሲጫኑት ለኮንታክተሩ ኮይል ኤሌክትሪክ ያሳልፋል። ኮይሉ ማግኔት ሆኖ የሞተሩን መስመር ያገናኛል፤ አብሮም 13 እና 14 የሚል ቁጥር ያለበትን ረዳት ኮንታክት ይዘጋል። ይህ ረዳት ከአረንጓዴው ቁልፍ ጋር በትይዩ ስለ ተሠራ፣ ጣት ከቁልፉ ላይ ቢነሣም የኮይሉ ኤሌክትሪክ አይቋረጥም። መብራት ሲሄድ ማግኔቱ ይለቃል፤ ስፕሪንጉ ሁሉንም መልሶ ይከፍታል። መብራት ሲመጣስ? ምንም። ሰው አረንጓዴውን ዳግም እስኪጫን መጋዙ ባለበት ይቆያል።

ቀዩ ግን ሌላ ጠባይ አለው። እርሱ ሁልጊዜ ዝግ ሆኖ በተከታታይ የገባ ነው፤ ሲጫኑት መስመሩን ይቆርጣል። ወደ እርሱ የሚሄደው ሽቦ ቢበጠስ እንኳ ማሽኑ ይቆማል። ሌላ ቀይ ቁልፍ በዚያው መስመር ላይ ቢጨመር፣ የትኛውም ብቻውን ማቆም ይችላል። ሥራ ለመጀመር የአንድ ሰው ቁርጥ ፈቃድ ይጠየቃል፤ ለማቆም ግን በሩ አጠገብ የቆመ ለማጅም ሥልጣን አለው። የሰው ሥጋ ከጣውላው እንደሚበልጥ ይህን ያህል ግልጽ አድርጎ የሚናገር ነገር በወርክሾፕ ውስጥ ጥቂት ነው።

መጠንቀቅ የእምነት ማነስ የሚመስላቸው አሉ። ክርስቶስ በመቅደስ ጫፍ ላይ ሲፈተን ግን መላእክት ያነሡኛል ብሎ ራሱን አልወረወረም። በቲርሚዚ የሐዲስ መድበል ውስጥም ነቢዩ ሙሐመድ ስለ ግመሉ ለጠየቃቸው ሰው ያሉት «አስረህ በአላህ ተመካ» የሚል ነው። በሁለቱም ዘንድ መታመን ገመዱን አይፈታም።

ወርክሾፕ ያለው አንባቢ ዛሬውኑ ይፈትን። ሰው ሁሉ ከመጋዙ ይራቅ፤ ጣውላ ሳይገባበት መጋዙ ይነሣ፤ ብሬከሩ ይጥፋ፤ መጋዙ ፈጽሞ ሲቆም ብሬከሩ ይመለስ። መጋዙ በራሱ ከተነሣ ሥራው እዚያው ይቁምና ኤሌክትሪሺያን ይጠራ። ኮንታክተር ያለውም ቢሆን፣ ከጥርሱ ላይ ጣውላ ከማላቀቁ በፊት ብሬከሩን ያጥፋ።