የተሰበሩት ስኒዎች



መስከረም ሲጠባ ቤተ ክርስቲያናችን መጥምቁ ቅዱስ ዮሐንስን ታስባለች፤ ሕዝባችንም የዓመቱን መባቻ በዚሁ ቅዱስ ስም ሲጠራው ኖሯል። ወንጌላዊው ሉቃስ የዮሐንስን ልደት ሲተርክልን ታሪኩን ከቤተ መቅደስ አንሥቶ ወደ አንድ ቤተሰብ ጓዳ ያስገባዋል። ጎረቤቶችና ዘመዶች ለደስታ ይሰበሰባሉ፤ ወዲያውም በሕፃኑ ስም ላይ ክርክር ይነሣል። ዘመድ ሁሉ በአባቱ ስም ይጠራ ሲል እናቲቱ አይሆንም ትላለች፤ አባትየውም አንደበቱ ስለተዘጋ የሚጽፍበት ሰሌዳ ይለምናል። በዓልና ግርግር፣ ደስታና አለመግባባት በአንድ ጣራ ሥር የሚገናኙት እንግዲህ በእኛ ቤት ብቻ አይደለም።

እኛ የዘጠኝና የሰባት ዓመት ሁለት ሴቶች ልጆች ያሉን ባልና ሚስት ነን። በቁምስናችን እሑድ እሑድ ሕፃናትን እናስተምራለን። ከዚህ በታች የምንጽፈው ባለፈው መስከረም በገዛ ቤታችን የደረሰውን ነው፤ ልጆቹም ሆኑ ሦስተኛዋ፣ ስለ እርስዋ ኋላ እንናገራለን፣ እንዲጻፍ ፈቅደውልናል።

የጳጉሜን 5 ምሽት ነበር። ለድፎ ዳቦ የተቦካው ሊጥ ኩፍ እንዲል በትልቅ ሳፋ ተሸፍኖ ማድቤት ጥግ ተቀምጧል፤ ኮባው ታጥቦ ተዘርግቷል። ልጆቹ በማግስቱ ከጎረቤት ልጆች ጋር የሚዘፍኑትን አበባየሆሽ እየተለማመዱ ከሳሎን ማድቤት፣ ከማድቤት ሳሎን ይመላለሳሉ። ትንሿ እስክስታ ስትመታ በተረከዟ ሳፋውን አገኘችው፤ ሚዛኗን ልትጠብቅ ስትል ደግሞ እስከ ክርኗ ሊጡ ውስጥ ገባች። ግማሹ ሊጥ በቄጤማው ላይ ፈሰሰ። አዲሱ የሐበሻ ቀሚስ ግን ገና አልተለበሰም ነበርና ሁላችንም ሳቅን፤ ከቄጤማ የተረፈውን ሰብስበን በነጋታው ከወትሮው ያነሰ ዳቦ ቆረስን። በዚያ ምሽት ራሳችንን እንደ ታጋሽ ወላጆች መቁጠራችንን አንሸሽግም።

በእንቁጣጣሽ ዕለት ማታ፣ እንግዶች ከሄዱ በኋላ፣ ቡፌው ውስጥ የነበሩት ስድስት ስኒዎች ሦስት ሆነው አገኘናቸው። እነዚህ ስኒዎች ዛሬ በሕይወት የሌሉ አያታችን ለሠርጋችን የሰጡን ነበሩ፤ ቡና የሚጠጣባቸውም በዓመት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። ስብርባሪው በጋዜጣ ተጠቅልሎ ከዱቄት በርሜሉ ጀርባ ተወሽቆ ነበር።

ሦስተኛዋን የምናነሣት እዚህ ላይ ነው። ከእምድብር አካባቢ ያመጣናት የዘመዳችን ልጅ ናት፤ ዕድሜዋ ዐሥራ አራት ነው። እናቷ ስትሰጠን እንደ ልጃችሁ እዩልኝ ብላን ነበር። ማታ ትምህርት ቤት ትሄዳለች፤ ቀን ቀን ቤት ታጸዳለች፣ ወጥ ትሠራለች፣ ልጆቹን ከትምህርት ቤት ታመጣለች። ማን ሰበረው ብለን አልጠየቅንም። ጥርጣሬያችን እንደ ፍርድ ሆኖ ከአፋችን ወጣ። እርስዋ አንገቷን ደፍታ ዝም አለች፤ ዝምታዋንም እንደ ኑዛዜ ቆጠርንባት። ከሁለታችን አንዳችን፣ ማን እንደሆነ መለየቱ አይጠቅምም፣ ሌላችንም አልተቃወምንምና፣ በዚህ ዓመት ለመስቀል ወደ አገሯ እንደማትሄድ ነገርናት። የጉራጌን ምድር የሚያውቅ ይህ ቅጣት ምን ያህል እንደሚከብድ ይረዳል። ለመስቀል ከየከተማው ሁሉም ወደ ቤቱ ይገባል፤ የቀረውን ሰው እናቱ በክትፎውና በቆጮው ዙሪያ ቆጥራ ታጣዋለች።

ሁለቱ ልጆቻችን ይህ ሁሉ ሲሆን በር ላይ ቆመው ነበር።

ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ትንሿ ልጃችን የመጀመሪያ ቁርባን ለመቀበል የምትዘጋጅበትን ትምህርት እያስጠናናት ነበር። እንደሚታወቀው ቅዱስ ፒዮስ 10ኛ እ.ኤ.አ. በ1910 ሕፃናት ክፉና ደጉን መለየት ከጀመሩበት፣ ይኸውም ከሰባት ዓመት ገደማ አንሥቶ፣ ወደ ንስሐና ወደ ቅዱስ ቁርባን እንዲቀርቡ በር ከፍተዋል። ስለ ምስጢረ ንስሐ የምናስጠናትን እየደገመች ሳለ ድንገት አቋርጣ፣ «ለአባ ከነገርኳቸው በኋላ ለእርስዋም መንገር አለብኝ?» አለችን። ለማን ስንላት አለቀሰች።

እቃ እቃ ሲጫወቱ ነበር። የእናት ስኒ ካልሆነ ቡናው የእውነት አይሆንም ብላ ወንበር ላይ የወጣችው ትንሿ ናት፤ ስብርባሪውን በጋዜጣ ጠቅልላ የደበቀችውና እኅቷን ያስማለችው ትልቋ።

ሊጡ የፈሰሰ ዕለት ስቀን ነበር፤ ታዲያ ስለ ስኒዎቹ ለምን ሊነግሩን ፈሩ? በሊጡ የሳቅነው ዋጋው ትንሽ ስለነበረ ነው። ልጆች የምንናገረውን ከመስማታቸው በፊት የትኛው ዕቃ ሲነካ ፊታችን እንደሚለዋወጥ ያጠናሉ። ቅዱስ ጳውሎስ ለቆላስይስ ምእመናን ሲጽፍ አባቶች ልጆቻቸውን እያስቆጡ ልባቸውን እንዳይሰብሩ ያስጠነቅቃል። ልቡ የተሰበረ ልጅ ሁልጊዜ አያለቅስም፤ አንዳንዱ መዋሸት ይማራል፤ ሌላ ሰው በእርሱ ፈንታ ሲቀጣ በር ላይ ቆሞ ማየትንም ይማራል።

የናዝሬትን ቅዱስ ቤተሰብ እንመልከት። ሉቃስ በ2ኛው ምዕራፍ እንደሚነግረን እነርሱም ከበዓል ሲመለሱ ነው መከራ ያገኛቸው። የዐሥራ ሁለት ዓመቱን ልጅ ከመንገደኞቹ መካከል ያለ መስሏቸው የአንድ ቀን መንገድ ተጓዙ፤ ከሦስት ቀን በኋላም በመቅደስ አገኙት። እመቤታችን ጭንቀቷን አልደበቀችም፤ ነገር ግን በመጀመሪያ ጠየቀችው። መልሱን በሚገባ ባይረዱትም እንኳ ሰሙት። እኛ በመስከረም 1 ማታ ያጎደልነው ይህንን ነው። ጥያቄ ብንጠይቅ ኖሮ ምናልባት እውነቱን ወዲያው ባላገኘነው፤ ግን ቢያንስ የተጠየቀችው ልጅ ሰው ሆና በፊታችን በቆመች ነበር።

ከዚህ ይልቅ ደግሞ ማርቆስ በ5ኛው ምዕራፍ የጻፈው ታሪክ ከዚያ ሳምንት ወዲህ ሲከተለን ሰንብቷል። የምኵራብ አለቃው ኢያኢሮስ ለምትሞትበት ልጁ ጌታን ለምኖ ይዞት እየሄደ ነው። ልጅቱ ዐሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ስሙ የታወቀ አባት፣ ቤት፣ የሚያለቅስላት ሕዝብ አላት። በመንገድ ላይ ግን ዐሥራ ሁለት ዓመት ደም የፈሰሳት፣ ገንዘቧን ጨርሳ ማንም የሌላት ሴት ከኋላ መጥታ ልብሱን ትነካለች። ጌታ ይቆማል። የአለቃው ልጅ በሞት አፋፍ ላይ ሳለች ይቆማል፤ ማን እንደነካው ይጠይቃል፤ ሴትዮዋም እየተንቀጠቀጠች እውነቱን ሁሉ እስክትነግረው ይጠብቃል። ከዚያም ልጅ ብሎ ይጠራታል። በአንዱ ምዕራፍ ሁለት ሴቶች ልጆች አሉ፤ አንዲቱን የወለዳት አባት ልጄ ይላታል፤ ሌላዪቱን ግን በምድር ላይ ልጄ የሚላት ስለሌለ ክርስቶስ ራሱ ይላታል። ኢያኢሮስ ያን ጊዜ ምን ተሰማው? ወንጌሉ አይነግረንም። እኛ ግን በእርሱ ቦታ ሆነን ብናስበው፣ የእኔ ልጅ እያለች ለዚህች ለምን ይቆማል ብለን በልባችን እንደምናጉረመርም እናውቃለን። በቤታችን ያደረግነውም ከዚህ የተለየ አልነበረም። ስኒ በጠፋ ጊዜ ጣታችን የወለድናቸውን ዘሎ ወደ አልወለድናት ልጅ ሄደ።

የአፍሪካ ጳጳሳት እ.ኤ.አ. በ1994 በሮም ባደረጉት ሲኖዶስ ቤተ ክርስቲያን የእግዚአብሔር ቤተሰብ መሆኗን ዋና ትምህርታቸው አድርገው መረጡ፤ ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛም በተከታዩ ዓመት በመስከረም ወር ያወንዴ ላይ በፈረሙት ሐዋርያዊ ምክር ይህንኑ አጸኑት። ምሳሌው ያማረ ነው። ይሁን እንጂ በስንቶቻችን ቤት ከገጠር የመጣች ልጅ ቤተሰቡ ከበላ በኋላ ማድቤት ተቀምጣ ትበላለች! ቤተሰብ የሚለውን ቃል በስብከት የምንሰማው በዚያ ልማድ ውስጥ ተቀምጠን ነው።

ወደ ትንሿ ልጃችን ጥያቄ እንመለስ። መልሱን በቃላችን እናውቀው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ እንደሚያስረዳው የኃጢአት ስርየት ኃጢአትን ያስወግዳል፤ ኃጢአቱ ያስከተለውን ጉዳት ሁሉ ግን በራሱ አይጠግንም። የተሰረቀ ይመለሳል፤ ስሙ የጠፋ ሰው ስሙ ይታደሳል። ስለዚህ አዎን፣ ለእርስዋም ትነግሪያታለሽ አልናት። ይህን ብለን ሳንጨርስ ግን እርስ በርሳችን ተያየን፤ ስሟን ያጠፋነው እኛ ነበርንና።

ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ2016 ስለ ቤተሰብ ፍቅር በጻፉት ሐዋርያዊ ምክር ፈቃድ መጠየቅን፣ ማመስገንንና ይቅርታ ማለትን ለቤተሰብ እጅግ የሚያስፈልጉ ሦስት ቃላት ብለው አስቀምጠዋል። በባህላችን ሁለት ታላላቆች ሲጣሉ ሽማግሌ ይገባል፤ ድንጋይ ተሸክሞ የሚታረቅም አለ። ታላቅ ታናሹን፣ ያውም በቤቱ የምትሠራ ልጅን፣ ይቅርታ ሲጠይቅ ግን አላየንም፤ ሥርዓቱንም የሚያስተምረን አላገኘንም። ያን ዕለት ማታ አራታችን ማድቤት ገባን። ልጆቹ ቀድመው ነገሯት። ቀጥሎ እኛ፣ ጉሮሯችንን እየጠረግን፣ ያለ አግባብ እንደፈረድንባት ተናገርን። መጀመሪያ ከነበረው ንግግራችን ይልቅ ይህኛው አጭርና የተንተባተበ ነበር።

እርስዋም ስኒዎቹ ሲወድቁ ሰምታ እንደነበር ነገረችን። ታዲያ ለምን አልተናገርሽም አልናት።

«ጋሼ፣ ብናገርስ ታምኑኝ ነበር?» አለች።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፤ ሕፃናትን ለመጀመሪያ ንስሐ ስታዘጋጁ የኃጢአትን ዝርዝር ከማስጠናታችሁ ጋር፣ በዚህ ነገር የተጎዳው ማን ነው ብላችሁ እንድትጠይቁአቸው እንለምናችኋለን። እኛ ለዓመታት ስናስተምር ይህን ጥያቄ ጠይቀን አናውቅም ነበር፤ ከሰባት ዓመት ልጅ ተማርነው። ወላጆችንም ጥሩአቸው፤ ልጆቹ በሚዘጋጁበት ሰሞን እነርሱም ለንስሐ ቢቀርቡ የቤቱ ነገር ይለወጣል።

መስከረም 13 ማለዳ ሁላችንም አውቶቡስ ተራ ሸኘናት። ልጆቹ በአበባየሆሽ ያገኙትን ሳንቲም ቆጥረው ለእናቷ ስኳርና ቡና ገዝተውላት ነበር፤ ትንሿ አንድ ስኒም ልትጨምርላት ፈልጋ በገንዘቡ ማነስ ተበሳጨች። ከሳምንት በኋላ ቆጮና ቅቤ ይዛ ተመለሰች፤ እናቷም ሰላምታ ልካልናለች። ስለ ስኒዎቹ ለእናቷ ነግራት እንደሆነ አልጠየቅናትም። አሁን እራት የምትበላው ከእኛ ጋር በአንድ ትሪ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት እጇን ለመዘርጋት ታመነታ ነበር፤ ትልቋ ልጃችን እያጎረሰቻት ለመደች። የቀሩት ሦስት ስኒዎች ከቡፌው ወጥተው እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቡና ይጠጣባቸዋል።