ፅንስ ባይጸና በደሉ የማን ነው?

ልጅ የእግዚአብሔር በረከት መሆኑን የማያምን ክርስቲያን የለም። ነገር ግን ብዙዎች ከዚህ እውነተኛ እምነት ተነሥተው ወደ ስሕተት ሲያልፉ እናያለን፤ ይኸውም ልጅ በረከት ከሆነ፥ ልጅ ያጣ ሰው በኀጢአቱ የተቀጣ ነው ማለታቸው ነው።

ይህ ፍርድ ዛሬ ሕክምናን ፈልገው በደከሙት ላይ ደግሞ ይነገራል። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1978 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር፥ በኤድዋርድስና በስቴፕቶ ጥበብ፥ ከማኅፀን ውጭ የተፀነሰች የመጀመሪያዋ ሕፃን ተወለደች። ሕክምናው በኛም አገር በ2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ተከፍቷል። ከሕክምናው ስለሚተርፉት ፅንሶች የሚነሣው ጥያቄ ከባድ ስለ ሆነ ለብቻው ሊጻፍበት ይገባል፤ ዛሬ የምንናገረው ፅንሱ ስላልጸናላት ሴት ነው።

በዚህ ሕክምና የሴቲቱ እንቍላልና የባሏ ዘር ከማኅፀን ውጭ ከተዋሐዱ በኋላ፥ ፅንሱ ሦስት ወይም አምስት ቀን ቈይቶ በቀጭን ለስላሳ ቱቦ ወደ ማኅፀን ይገባል። የገባው ሁሉ ግን አይጸናም። ዋናው ምክንያት የሴቲቱ ዕድሜ ነው፤ ከ35 ዓመት በኋላ፥ ይልቁንም ከ40 በኋላ፥ በእንቍላሉ ውስጥ ያሉት ክሮሞሶሞች ቍጥር መዛባት ይበዛልና። ሁለተኛም የማኅፀን ውስጠኛ ሽፋን ፅንስን የሚቀበለው በወር ውስጥ በጥቂት ቀኖች ብቻ ነው፤ በማኅፀን ውስጥ ያደገ ዕጢ ወይም ፈሳሽ የቋጠረ የማኅፀን ቱቦም ያሰናክለዋል። የባል ዘር ጤንነትና የሐኪሙ እጅም ድርሻ አላቸው። ትንባሆን እንደ መተው ያለ በሰው ፈቃድ የሚሆን ነገር ቢኖርም ጥቂት ነው።

አንዳንዶች እናቶች ግን «ቶሎ ከአልጋ ስለ ተነሣሁ ነው» እያሉ ራሳቸውን ይከሳሉ። ሐኪሞች ተኝተው የቈዩትንና ወዲያው የተነሡትን አስተያይተው፥ መተኛት ምንም እንዳልጨመረ አረጋግጠዋል። ሐኪሙ ከዚህ ክስ ነፃ ያደረጋትን ሴት፥ እኛ ካህናት በኀጢአት ስም እንከሳታለንን?

«እግዚአብሔር ያለ ምክንያት አይከለክልም» የሚሉን አሉ። ምክንያት እንዳለው እኛም እናምናለን፤ ምክንያቱን እናውቃለን ማለት ግን ድፍረት ነው። ኤልሳቤጥ እስከ እርጅናዋ መካን ነበረች፤ ነገር ግን ጻድቅ መሆኗን መጽሐፍ ይመሰክርላታል። ፅንሱ የጸናላትም ከጐረቤቷ ስለ ተሻለች አይደለም።

ካህኑ ዔሊ ሐና ስታለቅስ አይቶ ሰካራም መሰለችው። የልቧን ኀዘን በነገረችው ጊዜ ግን ፍርዱን ትቶ መረቃት። እንግዲህ የንስሓ አባት እንዲህች ያለች ልጁ ስትመጣ «ምን በደልሽ?» ብሎ አይጀምር፤ ኀዘኗን ይስማ፥ ይጸልይላት፥ ባሏንም እንዳይተዋት ይምከረው። የምናገለግለው የዔሊን የመጀመሪያ ቃል ሳይሆን ሁለተኛውን ይዘን ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።