በሌለበት የተፈረደበት ጂን

እ.ኤ.አ. በ1995 ሁለት የተመራማሪ ቡድኖች በየፊናቸው ዛሬ ካስፔዝ-1 የሚባለውን ኢንዛይም መሥራት የማይችሉ አይጦችን ይዘው ብቅ አሉ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከቡድኖቹ አንዱ ለአይጦቹ ኢንዶቶክሲን በመርፌ ሰጣቸው። ኢንዶቶክሲን ግራም ኔጋቲቭ በሚባሉት ባክቴሪያዎች የውጭ ሽፋን ላይ የሚገኝ ንጥረ ነገር ሲሆን፣ በደም ውስጥ ሲበዛ ሰውነት በገዛ መከላከያው እንዲጎዳ ያደርጋል። ጂናቸው ያልተነካ አይጦች ሞቱ፤ ጂኑ የጎደላቸው ተረፉ። ካስፔዝ-1 ሲኖር ሞት፣ ሲጠፋ ሕይወት ሆነና ገዳዩ የታወቀ መሰለ።

ፍርዱ 16 ዓመት ጸና። በ2011 ሳውዝ ሳን ፍራንሲስኮ በሚገኘው ጄኔንቴክ ኩባንያ የሚሠሩት ኖቡሂኮ ካያጋኪ፣ ቪሽቫ ዲክሲትና ባልደረቦቻቸው ኔቸር መጽሔት ላይ ባወጡት ጥናት ገለበጡት። እነዚያ አይጦች የጎደላቸው አንድ ጂን ሳይሆን ሁለት ነበር። ካስፔዝ-11 የሚባለው ጎረቤት ጂንም፣ ማንም ሳያስበው፣ በውስጣቸው ከሥራ ውጭ ሆኖ ኖሯል። ተመራማሪዎቹ ካስፔዝ-11ን ብቻ ሲመልሱላቸው፣ ካስፔዝ-1 አሁንም የሌላቸው አይጦች በኢንዶቶክሲን ሞቱ። ካስፔዝ-11 ብቻ የጎደላቸው ሌሎች አይጦች ደግሞ ተረፉ። ካስፔዝ-1 በሌለበት ተከሶ በሌለበት ተፈርዶበታል። ዋናው ተጠያቂም በዚያው ሰዓት ከችሎቱ አልነበረም፤ መቅረቱን ግን የመዘገበ አልተገኘም።

ታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ለጥንቃቄ ማስተማሪያ ነው። ከጥንቃቄ ያለፈ ጥያቄ ግን አለው። የዘመኑ ባዮሎጂ አንድ ጂን ምን እንደሚሠራ ለማወቅ ጂኑን ያጠፋና የሚሆነውን ያያል። ለመሆኑ አንድ ነገር መታጣቱ ስለዚያ ነገር ምን ይመሰክራል?

ስኮትላንዳዊው ፈላስፋ ዴቪድ ሂዩም በ1748 ባሳተመው ድርሳን ለምክንያት ሁለት ፍቺ ሰጠ። በመጀመሪያው፣ ምክንያት ውጤቱ ዘወትር የሚከተለው ነገር ነው። በሁለተኛው ደግሞ፣ እሱ ባይኖር ውጤቱም አይኖርም ነበር የሚባልለት ነው። ሂዩም ሁለቱን እንደ አንድ ቆጥሮ አለፋቸው፤ አንድ ግን አይደሉም። በታመመ አይጥ ደም ውስጥ ብዙ ፕሮቲኖች አብረው ይጨምራሉ፣ ሁሉም ከሞቱ ቀድመው ይታያሉ። የትኛው እንደገደለ ቀድሞ መታየት ብቻውን አይናገርም። ለዚያ ሁለተኛው ፍቺ ያስፈልጋል፦ ይህኛው ባይኖር ኖሮስ?

አሜሪካዊው ዴቪድ ሉዊስ በ1973 ይህንኑ ሁለተኛ ፍቺ ይዞ የምክንያትን ንድፈ ሐሳብ ሠራበት። «ባይኖር ኖሮ» የሚል ንግግር እውነትነቱ የሚለካው፣ ያ ነገር በሌለበትና በቀረው ሁሉ ለእኛ ዓለም እጅግ ቅርብ በሆነው ዓለም ውስጥ በሚሆነው ነው አለ። ፈላስፋው ያንን ዓለም በሐሳቡ ይሥላል። ጂን የጎደለው አይጥ ግን ያ ዓለም ሥጋ ለብሶ በጎጆው ውስጥ ሲሯሯጥ ማለት ነው። ችግሩ ያለው «እጅግ ቅርብ» በሚለው ቃል ላይ ነው፤ ካስፔዝ-1 የጎደላቸው አይጦች የታሰበውን ያህል ቅርብ አልነበሩም።

ርቀቱ የመጣው ከላቦራቶሪው የራሱ ታሪክ ነው። ማርቲን ኢቫንስ ከማቲው ካውፍማን ጋር በ1981 የአይጥ ፅንስ ግንድ ሴሎችን አውጥቶ ማሳደግ ቻለ፤ ማሪዮ ካፔኪና ኦሊቨር ስሚዚስ በሴል ውስጥ አንድን ጂን ለይቶ የመለወጥ ዘዴን አስገኙ። ኢቫንስ፣ ካፔኪና ስሚዚስ በ2007 ኖቤልን የተጋሩት በዚህ ነው። ጂኑ በግንድ ሴሉ ውስጥ ይበላሻል፤ ሴሉ ወደ ሌላ አይጥ ለጋ ፅንስ ይገባል፤ ከሁለት ምንጭ የተገኘው ግልገል አድጎ ሲዋለድ፣ ከዘሩ መካከል የተበላሸውን ጂን ከእናትም ከአባትም የወረሱት ተለይተው ይወጣሉ።

ለብዙ ዓመታት ለዚህ ሥራ በደንብ የተመቹት 129 ከሚባለው የአይጥ ዘር የተወሰዱ ግንድ ሴሎች ነበሩ። ተመራማሪዎች በብዛት የሚያጠኑት ግን ሲ57 ብላክ 6 የሚባለውን ጥቁር አይጥ ነው። ስለዚህ የተገኙት አይጦች ከጥቁሩ ዘር ጋር ትውልድ በትውልድ እየተዳቀሉ፣ ከ129 የመጣው ሁሉ እየተጣራ፣ የተበላሸው ጂን ብቻ እንዲቀር ይደረጋል። በክሮሞዞም ላይ አጠገብ ለአጠገብ የተቀመጡ ጂኖች ግን አብረው ይወረሳሉ እንጂ በቀላሉ አይለያዩም። ካስፔዝ-1 እና ካስፔዝ-11 በአይጥ 9ኛ ክሮሞዞም ላይ ተጎራብተው ይገኛሉ። የ129 ዘር ካስፔዝ-11 ደግሞ፣ ማንም ሳይነካው ከቀድሞውም፣ 5 የዲኤንኤ ፊደላት ጎድለውት የማይሠራ ነው።

ነገሩ በአንድ ጂን አላበቃም። በ2015 የቤልጅየም ተመራማሪዎች፣ ከ129 ግንድ ሴል ተገኝተው በዚህ መንገድ የተዳቀሉ አይጦች የተበላሸውን ጂን ከበው የሚቀሩ የ129 ዘር ጉድለቶችን በሰፊው እንደሚሸከሙ አሳዩ። ከምሳሌዎቻቸው አንዱ ኤምኤምፒ13 የሚባል ኢንዛይም የጎደላቸው አይጦች ነበሩ። እነዚህም ኢንዶቶክሲንን ይቋቋማሉ፤ ምክንያቱ ግን ኤምኤምፒ13 ሳይሆን ያው ካስፔዝ-11 ሆኖ ተገኘ።

ይህን ስህተት በተሻለ ዘዴ ማረም ይቻላል። የዛሬው የጂን መቁረጫ ክሪስፐር ጉድለቱን በቀጥታ በጥቁሩ አይጥ ፅንስ ላይ ስለሚፈጥር፣ የ129ን ውርስ ሳያመጣ አንድ ጂን ብቻ ማጥፋት ያስችላል። ግን አንድ ጂን ብቻ ሲጠፋም የሚታየው ውጤት የማን ሥራ ነው? ይህን ጥያቄ ያከበደው ሌላ ጂን ነው፤ እሱም ካስፔዝ-8 ነው።

ካስፔዝ-8 የሚታወቀው በገዳይነቱ ነበር። ከውጭ «ሙት» የሚል ትእዛዝ የደረሰው ሴል አፖፕቶሲስ በሚባለው ጸጥተኛ አሟሟት ራሱን በሥርዓት እንዲበትን የሚያስጀምረው ኢንዛይም ነው። ገዳይ ሲጠፋ መሞት የነበረባቸው ሴሎች ይከማቻሉ ብሎ መጠበቅ ያስኬዳል። በ1998 በእስራኤል የዋይዝማን ኢንስቲትዩት የዴቪድ ዋላክ ቡድን ጂኑን ሲያጠፋ ያየው ግን ሌላ ነበር፤ ፅንሶቹ 20 ቀን ገደማ ከሚፈጀው እርግዝና አጋማሽ ብዙም ሳያልፉ ሞቱ። ገዳይ በሌለበት ሞት መጣ።

እንቆቅልሹ የተፈታው በሌላ ጉድለት ነው። በ2011 በአትላንታ የኤመሪ ዩኒቨርሲቲና በሜምፊስ የሴንት ጁድ ሆስፒታል ቡድኖች፣ ካስፔዝ-8 የጎደላቸውን አይጦች አርአይፒኬ3 የሚባል ፕሮቲን ከጎደላቸው ጋር አዳቀሉ። ሁለቱም የጎደሏቸው ግልገሎች ተወለዱ፣ አደጉ፣ ወለዱም። በዕድሜ ሲገፉ ግን የሊምፍ እጢዎቻቸው መጥፋት በነበረባቸው፣ ቲ-ሴሎች በሚባሉ የመከላከያ ሴሎች ተሞልተው አበጡ፤ በመጀመሪያ የተጠበቀው የሴል ክምችት ዘግይቶ መጣ ማለት ነው። አርአይፒኬ3 ኔክሮፕቶሲስ የሚባለውን ሌላ አሟሟት ያካሂዳል፤ ሴሉ ይፈነዳል፣ ሆድ ዕቃው ይፈስሳል፣ ጎረቤት ሕዋሳት ይቆጣሉ። ካስፔዝ-8 በአንድ እጁ እየገደለ በሌላው ይህን ገዳይ ይዞ ነበር። ፅንሶቹን የገደላቸው እሱ በመልቀቁ ነጻ የወጣው አርአይፒኬ3 ነው።

እዚህ ላይ «ባይኖር ኖሮ» የሚለው አነጋገር መልኩን ይለውጣል። አርአይፒኬ3 ብቻውን ሲጠፋ አይጡ ጤነኛ ይመስላል፤ ይህን ብቻ ያየ ተመራማሪ ጂኑ ሥራ የለውም ሊል ይችላል። ካስፔዝ-8 ብቻውን ሲጠፋ ፅንሱ ይሞታል፤ ይህን ብቻ ያየ ደግሞ ካስፔዝ-8 የሕይወት ጠባቂ ነው ይላል። ሁለቱም ምልከታዎች እውነት ናቸው፣ ሁለቱም መደምደሚያዎች ግን ጎዶሎ ናቸው። ከአንድ ሥርዓት አንድ ነገር ሲወጣ የሚታየው የወጣው ነገር ሥራ ሳይሆን የቀሩት ያለ እሱ የሚያደርጉት ነው፤ ከዚያ ወደ ኋላ ተመልሶ የወጣውን ነገር ሥራ መገመት ሌላ እርምጃ ይጠይቃል፣ ብዙውን ጊዜም ሌላ ጉድለት።

መጥፋት ራሱም አንድ ዓይነት አይደለም። አንድ ፕሮቲን ጨርሶ ላይኖር ይችላል፤ ወይም በቦታው ቆሞ ሥራውን ላይሠራ ይችላል። አርአይፒኬ1 የሚባለው የአርአይፒኬ3 ወንድም ጨርሶ ሲጠፋ ግልገሎቹ ከተወለዱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሞታሉ። ፕሮቲኑ ኖሮ የኢንዛይም ኃይሉ ብቻ በአንድ የተወሰነ ለውጥ ሲወሰድበት ግን አይጦቹ በጤና ያድጋሉ። አርአይፒኬ3 ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ጨርሶ ሲጠፋ ጉዳት አይታይም፤ በ2014 የተፈጠሩት፣ ፕሮቲኑ ኖሯቸው የኢንዛይም ኃይሉን በአንድ የተወሰነ ለውጥ ያጡት አይጦች ግን በፅንስነታቸው ሞቱ። ሥራ ያቆመው አርአይፒኬ3 ካስፔዝ-8ን ወደ ገዳይነት የሚያነሣ መድረክ ሆኖ ነበር። ፕሮቲን የሚሠራ መሣሪያም፣ ሌሎች የሚሰባሰቡበት ቦታም ነው፤ ጂኑን ማጥፋት ሁለቱን በአንድነት ስለሚወስድ የትኛው እንደታጣ አይለይም።

ከዚህ በላይ ደግሞ አይጡ የሚኖርበት ቤት አለ። በ1993 ኢንተርሉኪን-10 የተባለው፣ የመከላከያ ሥርዓቱን ቁጣ የሚያበርድ መልእክተኛ የጎደላቸው አይጦች ክፉ የአንጀት ብግነት እንደሚይዛቸው ታወቀ። ንጽሕናው በተሻለ ጎጆ ውስጥ በሽታው ቀለል አለ፤ በ1998 እንደታየው፣ ከማንኛውም ጀርም ነጻ ሆነው ያደጉት አንጀታቸው ጤነኛ ሆኖ ቀረ። ጉድለቱ በሁሉም ያው ነው፤ በሽታው ግን ባክቴሪያ ካለበት ውጭ የለም። «ኢንተርሉኪን-10 ባይኖር አንጀት ይቆጣል» የሚለው ዓረፍተ ነገር አድራሻ ካልተጨመረበት እውነት አይሆንም።

ጊዜም አለ። በዚህ መንገድ የተፈጠረ አይጥ ጂኑን አንድ ቀን ያጣ አይጥ አይደለም፤ ከእንቁላል ጀምሮ ያለ እሱ የተሠራ ሌላ ፍጡር ነው፣ ሰውነቱም ጎዶሎውን ይዞ መላ ሲመታ ያደገ ነው። በኮሎኝ የክላውስ ራጀቭስኪ ቡድን በ1994 ጂንን በአንድ ዓይነት ሴል፣ በቲ-ሴሎች ብቻ፣ ማጥፋት እንደሚቻል ያሳየው ይህን ርቀት ለመቀነስ ነበር። በኋላም በአዋቂ አይጥ ላይ፣ በተመረጠ ቀን፣ መድኃኒት በመስጠት ጂን ማጥፋት ተቻለ።

ይህ ሁሉ ወደ ሰው ሲዞር ሐኪም ቤት ይገባል። በ2018 አርአይፒኬ1 ጨርሶ የሌላቸው ልጆች ተገልጸዋል። በተደጋጋሚ ኢንፌክሽን፣ በአንጀትና በመገጣጠሚያ ብግነት ተሠቃይተዋል፤ አይጦቹ በቀናት ውስጥ ሲሞቱ ልጆቹ ግን ለዓመታት ኖረዋል። የኢንዛይም ኃይሉ ብቻ የተወሰደባቸው አይጦች ጤነኛ መሆናቸው ደግሞ መድኃኒት ሠሪዎችን አደፋፍሯል፤ የአርአይፒኬ1ን ኃይል የሚያግዱ እንክብሎች በሶሪያሲስ፣ በሪህማቶይድ አርትራይተስና በትልቁ አንጀት ቁስለት ሕሙማን ላይ ተሞክረዋል። እንክብሉን የሚውጠው ሰው ፕሮቲኑ አለው፣ ኃይሉ ግን ታግዷል፤ ስለዚህ ከሁለቱ አይጦች ለሁለተኛው ይቀርባል። ያ አይጥ ግን ከእንቁላል ጀምሮ እንዲሁ ነበር፤ ይህ ሰው ደግሞ እስከ ትናንት ድረስ የሚሠራ አርአይፒኬ1 ይዞ ኖሯል፣ አንጀቱም በጎጆ ሳይሆን በሰፈርና በገበያ ባክቴሪያ ተሞልቷል።