በስውር የሚያገለግሉ የታመኑ ሰዎች

በሳንጃ ቆላ ሰሊጥ በደረሰ ጊዜ አጫጁ ቢዘገይ ፍሬው ከቅርፊቱ ወጥቶ በመሬት ላይ ይፈስሳል። በገበያ ግን የሚመሰገነው ጆንያውን ያስመዘነ ነጋዴ ነው፤ በፀሐይ ጎንብሶ ያጨደውንና ነዶውን ያሰረውን ስሙን የሚጠይቅ የለም። በእግዚአብሔርም ቤት እንዲሁ ነው። ሰባኪው ይታያል፥ መዘምሩ ይሰማል፤ የድሆችን ገንዘብ የሚጠብቅ፥ ዕቃውን የሚቈጥር ግን አይታይም። ስለዚህ ብዙ ሰው፦ የእኔ ሥራ ትንሽ ነው፤ ብተወው ማን ያውቃል? ይላል። ይህ አሳብ እውነት እንደ ሆነ እንመርምር።

መጽሐፈ ነህምያን 13ኛውን ምዕራፍ ተመልከት። ነህምያ ወደ ንጉሡ ሄዶ ሳለ፥ በዕቃ ቤቶች ላይ የተሾመው ካህኑ ኤልያሴብ ለወዳጁ ለጦብያ አንድ ታላቅ ጓዳ ሰጠው። ያ ጓዳ ቀድሞ ዕጣኑና የተቀደሰው ዕቃ፥ የእህሉና የወይኑ የዘይቱም አሥራት የሚቀመጥበት ነበረ። ለሌዋውያንም ድርሻቸው ሳይሰጥ ቀረ፤ ሌዋውያንና መዘምራን እያንዳንዳቸው ወደ እርሻቸው ሸሹ። እነሆ፥ በዚያ ዘመን የመቅደሱን አገልግሎት ያስተጓጐለ ከውጭ የመጣ ሠራዊት አልነበረም፤ ጥፋቱ ከጓዳ ጀመረ።

ነህምያ በተመለሰ ጊዜ የጦብያን ዕቃ ወደ ውጭ ጣለ፥ ጓዳዎቹንም አነጻ፥ ሌዋውያንን ሰብስቦ በየስፍራቸው አቆመ። ከዚያም በዕቃ ቤቶቹ ላይ ሰሌምያን፥ ሳዶቅን፥ ፈዳያንና ሐናንን ሾመ። የተመረጡት ንግግር ስላማረላቸው አይደለም፤ የታመኑ ሆነው ስለ ተቈጠሩ ነው። ሥራቸውም ለወንድሞቻቸው ድርሻቸውን ማካፈል ነበረ። የአራቱ ስም ዛሬ ከብዙ ሰው አፍ አይሰማም፤ ነገር ግን የጓዳው ሥራ ካልተቃና መዝሙሩ ሊጸና አይችልም ነበር።

ምናልባት፦ እንኪያስ በስውር የሚሠራ ሁሉ ከሚታየው ይሻላል፥ ትዕቢት አያገኘውምና፥ ትል ይሆናል። አይደለም። ኤልያሴብም የሠራው በጓዳ ነበረ። ስውር ስፍራ ሰውን ቅዱስ አያደርገውም፤ በልቡ ያለውን ይገልጥበታል እንጂ።

እኔም በራሴ ላይ እመሰክራለሁ። በወጣትነቴ ፊት ቆሜ መስበክን እየተመኘሁ፥ እንድጠብቅ የተሰጠኝን የድሆች ሣጥን ሒሳብ ሳልጽፍ ብዙ ሳምንት አሳለፍሁ። አንዲት መበለት ርዳታ ለመለመን በመጣች ጊዜ በሣጥኑ ያለው ለማን እንደ ታሰበ ስላልታወቀ ባዶ እጅዋን ተመለሰች። በዚያው እሑድ ስብከቴ ተመሰገነ። በጆሮዬ ምስጋናውን ስሰማ በዓይኔ ፊት ግን የዚያች ሴት ጀርባ ነበረ። አምልኮዬን ያፈረሰው በስብከቴ ያጠፋሁት ቃል አልነበረም፤ ያልጻፍሁት መዝገብ ነው።

የአገራችን ሰው የአቡ ሩሚም ነገር ይህን ያስተምረናል። የጎጃም ተወላጅ ሲሆን በካይሮ ተቀምጦ ዐሥር ዓመት ያህል መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አማርኛ መለሰ፤ የእጅ ጽሑፉ 9539 ገጽ ነበረ። ሳይታተም እርሱ ሞተ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1820 ጽሑፉ ለእንግሊዝ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ተገዛ፤ ወንጌሎቹ በ1824፥ ሙሉው መጽሐፍ በ1840 ታተመ። ሳሙኤል ጎባት በ1830 ጎንደር በገባ ጊዜ የታተመውን የአማርኛ ወንጌል ይዞ ነበር። ያነበቡትም ሰዎች የተርጓሚውን ፊት አላዩም፤ ቃሉ ግን ደረሳቸው።

እንግዲህ ወንድሜ ሆይ፥ እኅቴ ሆይ፥ ቍልፍ ወይም መዝገብ ወይም መጥረጊያ በእጅህ ቢሆን አትናቀው። በዚህ ሳምንት ጓዳህን ክፈትና፦ በዚህ የጦብያ ዕቃ አለን? ድርሻውን ሳልሰጠው የቀረ ሰው አለን? ብለህ ራስህን ጠይቅ። ካለም እሑድ ሳይደርስ አቃናው። በስውር የሚያይ ጌታ የታመኑ ያድርገን። አሜን።