ካሜራው ማንን በስም ይጥራ?

በዘሩ ምክንያት ስለተገደለ ሰው ዘጋቢ ፊልም ሲሠራ በዳዩ በምን ስም ይጠራል? በራሱ ወይስ በዘሩ? ነገሩ የፊልም ባለሙያ ጉዳይ ብቻ አይመስለኝም፤ የምስክርነት ጉዳይ ነው።

ሙሉጌታ ሥራው ለትምህርት አሜሪካ የሄደ ኢትዮጵያዊ ነበር። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1988 በፖርትላንድ ከተማ፣ ጓደኞቹ በመኪና ቤቱ አድርሰውት ሲሰነባበቱ፣ ፀጉራቸውን የተላጩ ሦስት ነጭ ዘረኞች ደረሱባቸው። ከመካከላቸው ኬኔት ሚስኪ የተባለው በቤዝቦል ዱላ ጭንቅላቱን መትቶ ገደለው። ሟቹ 28 ዓመቱ ነበር፤ አገር ቤትም ትንሽ ልጅ ነበረው። ሚስኪ ጥፋቱን አምኖ ታሰረ። ይሁን እንጂ ነገሩ በዚህ አላበቃም። በ1990 ጁሪ የሚባሉት የሕዝብ ዳኞች፣ በዚያች ሌሊት ፖርትላንድ ያልነበረውን የዘረኞች መሪ ቶም ሜትዝገርን ጭምር ተጠያቂ አድርገው፣ ከልጁ፣ ከድርጅቱና ከገዳዮቹ ጋር 12.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ፈረዱ። ልብ በሉ! ዳኞቹ «ነጮች ገደሉት» አላሉም። የመታውን እጅም፣ ያነሳሳውን አፍም ለይተው በስሙ ጠሩት።

ይህንኑ በሐዋሳ ባህል አዳራሽ ለፊልም ሠሪ ወጣቶች ሳወጋ አንዲት ልጅ፣ «ጋሼ፣ የአሜሪካኑን ማውራት ቀላል ነው፤ የኛንስ?» አለችኝ። አዳራሹ ጸጥ አለ። በሰኔ 2010 ዓ.ም.፣ በፍቼ ጨምበላላ ሰሞን፣ በዚህችው ከተማ ወላይታዎች በወላይታነታቸው ተጠቅተው የሰው ሕይወት ማለፉን ማንሳቷ ነበር። እንዲህ ያለውን ነገር «የብሔረሰቦች ግጭት» ብሎ ማለፍ ተለምዷል። እኔ አነጋገሩን አልወደውም፤ መቺና ተመቺን ያስተካክላል፣ ደግሞም ሕዝብን በጅምላ ተከሳሽ ያደርጋል። የተጠቃው ሰው ወላይታነት ይነገር፤ የተጠቃበት ምክንያት እሱ ነውና። የመታው ግን በራሱ ስም ይቅረብ፤ የሲዳማ ሕዝብ አልወከለውም። ጎረቤቱን ቤቱ ያስጠለለ ሲዳማ ካለ እሱም በስሙ ይግባ።

«የመታው ካልታወቀስ?» አለ ሌላው። ካልታወቀ «አልታወቀም» በሉ፤ ባዶውን ቦታ በብሔረሰብ ስም አትሙሉት አልኩት።

እኛ ሙስሊሞች ይህ ነገር አይጠፋንም። በ2019 በክራይስትቸርች ከተማ በሁለት መስጊዶች 51 ሰዎች ሲገደሉ፣ ካሜራውን የያዘው ገዳዩ ራሱ ነበር። በ2021 ደግሞ የጠቅላይ ሚኒስትሯን ሚና የሚያጎላ ፊልም ሊሠራ ታቅዶ የኒውዚላንድ ሙስሊሞች ተቃወሙ፤ ሥራውም እንዲቆም ሆነ። የሟቾቹን ቤተሰቦች በቅድሚያ ማማከር ይህን ያህል ይከብድ ነበርን?

የሐዋሳ ወጣቶችም ከመቅረጻቸው በፊት የሟች ቤት ይሂዱ። ቤተሰቡ እምቢ ካለ ካሜራውን ዘግተው፣ ቡናቸውን ጠጥተው ይመለሱ።