ባጠረው ምርመራ የተረፈው ጊዜ የማን ነው?

ሥራን ማሳጠር በሕዝባችን ዘንድ መልካም ስም የለውም። ሥራውን ያሳጠረ ግንበኛ እንደ አታላይ፣ ትምህርቱን ያሳጠረ መምህር እንደ ሰነፍ ይቆጠራል። ታዲያ ሐኪም ካንሰርን የሚፈልግበትን ምርመራ ሆን ብሎ ቢያሳጥር ምን እንለዋለን? ጥያቄው ለክርክር ብቻ የተፈጠረ አይደለም፤ ነገሩ በጡት ካንሰር ምርመራ ላይ በእርግጥ ተደርጓልና።

ጡትን በኤክስሬይ የሚያነሣው ማሞግራፊ ለብዙዎች ጠቃሚ ቢሆንም፣ የጡታቸው ሥጋ ጥቅጥቅ ያለ ሴቶችን በተመለከተ ግን ጉልህ ድክመት አለው። ጥቅጥቁ ሥጋም ዕጢውም በምስሉ ላይ ነጭ ሆነው ስለሚታዩ አንዱ በሌላው ውስጥ ይሰወራል። ኤም አር አይ የተባለው መሣሪያ በኤክስሬይ ፈንታ በኃይለኛ ማግኔት ይሠራል። ካንሰር ለራሱ አዳዲስ የደም ሥሮችን ስለሚያበቅል፣ በደም ሥር የሚሰጠው ማጉያ መድኃኒት ፈጥኖ ይገባበትና ዕጢው ከጤነኛው ሥጋ ቀድሞ ይደምቃል። ሆኖም መሣሪያው ውድ፣ ምርመራውም ረጅም በመሆኑ ዕድሉ የሚደርሰው ለጥቂቶች ነበር።

በጀርመን አገር በአኸን ከተማ ፕሮፌሰር ክርስቲያነ ኩልና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2014 ያሳተሙት ጥናት ይህን ለመለወጥ የታሰበ ነበር። ዕጢ የሚደምቀው በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ከሆነ፣ ለመፈለጊያ የሚበቁት የመጀመሪያዎቹ ምስሎች ናቸው። በዚህም መሠረት 17 ደቂቃ ይፈጅ የነበረው ምርመራ ወደ 3 ደቂቃ ወረደ። ከ443 ሴቶች መካከል በተገኙት 11 ካንሰሮች ረገድ፣ አጭሩ ምርመራ አንድም አላመለጠውም። እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ በአሜሪካና በጀርመን ጥቅጥቅ ጡት ባላቸው 1,444 ሴቶች ላይ የተደረገ ሰፊ ጥናት ታተመ፤ ካንሰር ከተገኘባቸው 23 ሴቶች መካከል ያጠረው ኤም አር አይ 22ቱን ሲያገኝ፣ ዘመናዊው ማሞግራፊ ያገኘው 9ኙን ነበር።

እንግዲህ ማሳጠርን ሁሉ ማጉደል ብሎ መኰነን እንደማይገባ እንረዳለን። የቀረው ክፍል ምን እንደሚያገለግል አስቀድሞ ተመርምሮ፣ ውጤቱም ከሙሉው ጋር ተነጻጽሮ ከሆነ፣ ሐኪሙ ከታማኝነቱ የቀነሰው ነገር የለም። ይህ ሳይደረግ ለጥድፊያ ሲባል ብቻ የሚያጥር ምርመራ ግን ሌላ ስም ያስፈልገዋል።

ነገር ግን ዋጋ የማይከፈልበት በረከት አይደለም። በ2020ው ጥናት ካንሰር ከሌለባቸው 100 ሴቶች መካከል 13 ያህሉ በኤም አር አዩ አጠራጣሪ ውጤት ሲደርሳቸው፣ በማሞግራፊው የደረሳቸው ግን 3 ያህሉ ናቸው። «እንደገና ነይ» የተባለች እናት ናሙና ተወስዶ መልሱ እስኪመጣ ድረስ የምታሳልፋቸውን ሌሊቶች የሚቆጥር ሠንጠረዥ የለም፤ ስለሆነም ይህ አስቀድሞ ሊነገራት ይገባል እንላለን። በተጨማሪም ብዙ ካንሰር ማግኘትና ብዙ ሰው ከሞት ማዳን አንድ አይደሉም፤ እነዚህ ጥናቶች የለኩት የመጀመሪያውን ነው።

ወደ ርዕሳችን እንመለስ። ከእያንዳንዷ ሴት የተረፉት ደቂቃዎች መሣሪያው ላልደረሳት ሌላዋ ሴት እንዲሆኑ ታስቦ ነበር። በአሜሪካ ግን በብዙ ስፍራ የጤና መድን ይህን አጭር ምርመራ ስለማይሸፍን፣ ሴቲቱ ጥቂት መቶ ዶላር ከኪሷ ታወጣለች። ደቂቃው አጥሯል፤ ተራውም ያጠረው ለከፋይ ነው። በዚያው አገር ከመስከረም 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማሞግራፊ የተነሣች ሴት ሁሉ ጡቷ ጥቅጥቅ ያለ መሆን አለመሆኑ በጽሑፍ እንዲገለጽላት ሕግ ያስገድዳል። በዚያ የሚኖሩ እናቶቻችንና እኅቶቻችን ይህ ደብዳቤ በእንግሊዝኛ ሲደርሳቸው፣ ከማስታወቂያ ወረቀት ጋር አብሮ እንዳይጣል የቁምስናው ወጣቶች ሊያነቡላቸው ይችላሉ። ጥቅጥቅ መባል ካንሰር አለ ማለት እንዳልሆነም ይንገሯቸው፤ ቃሉ በራሱ ያስደነግጣልና።

በአገራችን ነገሩ መልኩን ይለውጣል። የጡት ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከሚታዩት ካንሰሮች ቀዳሚው ሲሆን፣ ብዙዎቹ ወደ ሐኪም የሚደርሱት እብጠቱ በእጅ ከተዳሰሰ ከብዙ ወራት በኋላ ነው። ለእነዚህ ሴቶች ከ17 ደቂቃ 14 መቀነስ ብዙም ትርጉም የለውም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ዕቅድ፣ ምልክት ይዛ ወደ ጤና ተቋም የሄደች ሴት በ60 ቀናት ውስጥ ሕመሟ ተለይቶ እንዲታወቅ ግብ አስቀምጧል። ከዚያ በፊት ያሉትን ቀናት፣ ማለትም እብጠቱን በነጠላዋ ሸፍና «ያልፍልኛል» እያለች የምትቆይባቸውን፣ የመጓጓዣ ገንዘብ የምትጠብቅባቸውን፣ ለባሏ ለመንገር የምታፍርባቸውን ቀናት የሚያሳጥር መሣሪያ ግን አልተሠራም፤ እነርሱ ያሉት በጎረቤት፣ በቤተ ዘመድና በማኅበር ውስጥ ነው።